የተደበቀው ቁጥርና የአባባ ሬዲዮ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ወገቧ ተሻላት ወይ? የመንትዮቹ ጥርስ ወለቀ ወይስ እንደተነቃነቀ ነው? እማዬስ ደህና ናት? አባባስ? አባባስ ደህና ናቸው? ሁለት ጊዜ የጠየቅኩህ ቀለም ተርፎኝ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ ይህን ልጽፍ ከተቀመጥኩ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፤ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ እርሳስ ቀረጽኩ! አባባ ቅብጥብጥ የሚሉኝ በከንቱ አይደለም።

ሥራዬ፣ ባለቤትህ እንደምትቀልደው፣ ኮከብ ቆጣሪነት አይደለም። ጋላክሲ ማለት የስንት ቢሊዮን ከዋክብት መንደር ነው፤ እኛ የሚሊዮኖቹን ቦታና ርቀት መዝግበን ካርታ እንሠራለን። ካርታው ላይ ጋላክሲዎቹ እንደ ልብስ ማጠቢያ አረፋ ናቸው፤ ጠርዝ ጠርዙን ይሰበሰባሉ፣ መሀሉ ባዶ ነው። የአሰፋፈራቸውን ስፋት ከዘመን ዘመን ስናስተያይ ህዋ በምን ፍጥነት እየተለጠጠ እንደሆነ እናውቃለን። ማን እንደሚለጥጠው ግን እንጃ። ጨለማ ኃይል ብለን ስም አወጣንለት፤ ስም ማውጣት ምን ይገዳል!

ሰው የሚመኘውን መልስ ማየት ስለሚቀናው፣ እውነተኛው ውጤት ከእኛው ከሠራተኞቹ ይደበቃል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቁጥር ካርታው ላይ ይጨመርና እኛ በተዛባው ላይ እንሠራለን። ፍተሻው ሁሉ አልቆ ሁላችንም ስንፈርም፣ ተሰብስበን እንከፍተዋለን። ይህን በጥቅምት በስልክ የነገርኩህ እኔው ነኝ። እስኪከፈት ድረስ ሐሳቤን የሚከፍል ነገር አትንገሩኝ ያልኩህም እኔው። አፌን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ አባባ ተኝተዋል አልከኝ። ቀጥሎ ገላቸውን እየታጠቡ ነው። ቀጥሎ ፀጉር ቤት ሄደዋል፤ ያ መላጣ ምኑ ሊቆረጥ ነው ወንድሜ? ላፋጥጥህ ስል ኔትወርኩ ይጠፋብሃል። ድሮም ውሸት አይሆንልህም። የባሰብኝ ግን ሬዲዮናቸው ነው። በደወልኩ ቁጥር ከጀርባህ ይጮህ ነበር፤ እማዬም ኧረ ቀንሱልኝ ትል ነበር። አሁን ጭጭ ብሏል። እማዬም ሰላም ብላኝ ሳልጠግባት ስልኩን ለአንተ ትሰጥሃለች። ቀኑን ሙሉ የጎደለ ቦታ ስፈልግ የምውል ሰው ይህን አላይም ብለህ ነው?

የእኛ ድብቅ ቁጥር ሰኞ ጠዋት ተከፈተ። አለቃችን ኮምፒውተሩን ነካችው። ለስድስት ዓመት የጠበቅኩት መልስ አልነበረም። ገና ብዙ ፍተሻ ይቀረዋል እንጂ፣ ጨለማ ኃይሉ እየደከመ የሚሄድ ይመስላል። ከፋኝ፤ ግን ቆሜ ሰማሁት፣ ምሳዬንም በላሁ።

አባባ መጨረሻ ስናወራ፣ ይህ ህዋን የሚገፋው ነገር ኋላ ሁሉን በታትኖ ይጨርሰው ይሆን ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስብሰባ ልገባ ስሮጥ ነበርና፣ ሲከፈት እነግርዎታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁባቸው። ዘጋሁባቸው፣ ይገባሃል? ሥራው ላይ ቀጥ ብዬ የቆምኩት ያንን መልስ ይዤላቸው ልቀርብ ነው።

ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደግነትህ አይጠፋኝም። ግን የእኛ መደበቅ መክፈቻ ቀን ነበረው፤ የአንተ የለውም፤ እኔም መጠበቅ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ነርስ ጎረቤቴ ናት፤ እዚያ ሳምንት ቆይታ ትመለሳለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን፣ ኮከብሽ መልካም ነው ብላለች በልልኝ። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

አባባን ደግሞ፣ የሚገፋው ነገር እየደከመ ይመስላል፣ ሁሉን የሚበታትን አይመስልም ብለህ ሬዲዮውን ቀንሰህ ጮክ ብለህ ንገራቸው። ልትነግራቸው የማትችል ከሆነ ግን ምንም አትጻፍልኝ፤ ይህችን የአባባን መስመር ብቻ ሰርዝና ወረቀቱን በነርሷ መልሰህ ላክልኝ።

እህትህ ቅብጥብጧ
ከሥራ ቦታዬ፣ ሐሙስ ጥር 23 ቀን