ሁለት ጊዜ የተቆጠረችው ዓሣ ነባሪ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለጃለኔ ጉዩ፣

አካም ጅርታ? እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? መርከቡ ሲናወጥ የሚያጥወለውልሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? ፀሐይ በማትጠልቅበት ባሕር ላይ ሰው መቼ እንደሚተኛ ለእናታችን ለሃርሜ ዛሬም አልገባትም። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ፣ "ልጄ አሁን ተኝታ ይሆን ወይስ ቆማ?" ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም ባለቤቴ ገመቺስም ልጃችን ሮሆቦትም፣ እናታችንም ጭምር፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ጓደኛዬ ሰሎሜ ናት። ለሥልጠና ወደናንተ ከተማ በጳጉሜን ትሄዳለች። መርከባችሁ ወደብ እስኪደርስ መልእክት እንደማይገባላችሁ ስለነገርሽኝ፣ ገና ከመርከብ ስትወርጂ እጅሽ ላይ እንድታኖርልሽ ለምኛታለሁ። ስለዚህ ከሁሉም አስቀድሜ ይህን ልንገርሽ፤ ነገሩ በደህና አልቋል። ብልቃጦችሽ አልተበከሉም። ሣጥኑ አይጣልም። አሁን አንድ ቦታ አረፍ በይና እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ላጫውትሽ።

በሰኔ መጨረሻ፣ መርከብ ከመሳፈርሽ በፊት፣ ደውለሽ ያለቀስሽበትን ቀን አንቺም አትረሺውም። ከአርባ ዓሣ ነባሪዎች የተወሰደው የቆዳ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ በየብልቃጡ፣ በአንቺ እጅ ነበር። ዘረመላቸው ሲነበብ አሥራ ሰባተኛውና ሠላሳ አንደኛው ብልቃጥ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ። አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት ከግሪንላንድ በኩል፣ ሌላው አምና ከሩሲያ ደሴቶች አጠገብ የመጣ ነው። የዚያኛውና የዚህኛው ባሕር ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ አይገናኙም ተብሎ ነበር የሚታመነው። ሁለቱን ብልቃጦች የከፈትሻቸው በአንድ ቀን ስለነበር ሥራሽን የምትመራው ፕሮፌሰር አንዱን በሌላው በክለሻል አለችሽ። እነዚህ ከተበከሉ የቀሩትም አይታመኑም፤ አርባውም ከነሣጥናቸው ይጣላሉ፣ የሁለት ዓመት ድካምሽም አብሮ። ውሳኔው መርከቡ ሲመለስ ይሰጣል፣ እስከዚያ ብልቃጥ እንዳትነኪ። ይህን ሁሉ በሳግ እየተቆራረጥሽ ነገርሽኝ።

እኔ ምን አልኩሽ? "ሰው ነሽ፣ ተሳስተሽ ይሆናል፤ ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ" አልኩሽ። ከዚያ "ቢያንስ እያቸው" ብለሽ ፎቶዎቹን ላክሽልኝ፤ ቆዳው ሲወሰድ በድሮን ከላይ የተነሱትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶዎች።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። የዘንድሮው ክረምት አምቦን አጥቦ ሊወስዳት ነው፤ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔ መስኮቱ አጠገብ የገመቺስን ላፕቶፕ ከፍቼ ያንቺን ባሕር አያለሁ። ባሕር አይቼ የማላውቅ፣ ትልቁ ውሃዬ የወንጪ ሐይቅ የሆነ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ነበሩ፤ ጥቁር ጀርባ፣ ነጭ በረዶ፣ ቀለም የመሰለ ውሃ። ግን በመስከረም ሰማንያ ተማሪ ፊቴ ሲቀመጥም እንደዚያው ነው፤ ኅዳር ላይ እያንዳንዱን በሳሉ አውቀዋለሁ። ቀስ በቀስ ይለዩኝ ጀመር። ስም አወጣሁላቸው። ጭራው የነጣውን ሽማግሌ በጎረቤታችን ስም ኦቦ ሆርዶፋ አልኩት። አንዳንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ቀና ስል ከጉደር በላይ ያለው ተራራ ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ጀርባውን ብቅ አድርጎ መልሶ ይሰጥማል። ለትንሽ ጊዜ የቤቴ መስኮት የቱ፣ የኮምፒውተሩ የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል። አይዞሽ፣ አላበድኩም፤ ደስ የሚል መጥፋት ነው።

ከፎቶዎቹ ጋር የላክሽውን ድምፃቸውንም ሃርሜን አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ ሰማችና፣ "ይህ ዘፈን አይደለም፤ ምጥ ላይ ያለች ላም ናት" አለች። ሰዎች ለስባቸው ሲሉ ለብዙ መቶ ዓመት እንዳደኗቸው፣ ሊያልቁ ትንሽ እንደቀራቸው፣ አንቺም የምትመረምሪው የተረፉት ዘራቸው ጠቦ እንደሆነ ለማወቅ መሆኑን ነገርኳት። ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ከሆኑ አንድ በሽታ፣ አንድ ክፉ ዘመን እንደሚበቃቸው አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና፣ "ታዲያ ሲጋቡ ሰባት አባት የሚቆጥርላቸው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ጃለኔ ናት" አልኳት። "እንግዲያ ሥራዋ የሽማግሌ ሥራ ነዋ" አለች፤ ነጠላዋንም አስተካከለች።

ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን ነው ያየሁት። አሥራ ሰባተኛዋ፣ የግሪንላንዷ፣ ከጭራዋ ከፍ ብሎ በረዶ የጫረው ነጭ ምልክት አላት። ሦስት እግር ያለው፣ የመካከለኛው እግር ትንሽ ወደ ግራ የጎበጠ፤ ቁጭ "ሐ" ፊደልን። ባለፊደሏ ብያት ነበር። ያን ዕለት የሩሲያዎቹን ስመለከት፣ ወደ ታች ዞራ የምትዋኝ አንዲት ጀርባ ላይ ዓይኔ ቆመ። ትልቅ አዲስ ጠባሳ ጀርባዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ ሌላ ፍጥረት ትመስላለች። እኔ ግን ተማሪ ፊት ለፊት ቆሜ ደብተሩን ተገልብጦ ማንበብ የለመድኩ ነኝ። ከጠባሳው ሥር የተገለበጠ "ሐ" አለ። ፎቶውን አዞርኩት። እግሩ ወደ ግራ ጎብጧል። ቁጥሩን አየሁ፤ ሠላሳ አንድ ይላል።

ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው በረርኩ። ፉአድ የሚባል የጅማ ልጅ አለ፤ እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግን። በትልቁ ስክሪን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝና ሌሎች ስድስት ጭረቶችን አንድ በአንድ በቀይ ከበብን። ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። "ቲቸር ደብሪቱ፣ ስለ ዓሣ አላውቅም" አለኝ፣ "ግን ይሄ የአንድ ሰው ፊርማ ነው።" ሁለት ዓሣ ነባሪ የለም፤ አንዲት ናት፣ በሁለት ባሕር ሁለት ጊዜ የተገኘች። ብልቃጦቹ እውነቱን ነው የተናገሩት። የዚያና የዚህ አይገናኙም ስለተባለ ነው ማንም ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያላስቀመጣቸው።

ጃለኔ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እንዳይመስልሽ፤ እፍረት ነው። ሁለት የተመሳሰለ የፈተና ወረቀት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማስበው ተኮራርጀዋል ብዬ ነው። ባንቺም ያንኑ አሰብኩ። በልጅነትሽ ወተት ስትደፊ፣ ቁልፍ ስትጥዪ ያየሁትን ሁሉ አስታወስኩና ፈረድኩብሽ። ፕሮፌሰሯ አታውቅሽም፤ እኔ ግን አውቅሻለሁ፣ አውቄሽም አላመንኩሽም። ያን ዕለት በስልኩ ውስጥ "ቢያንስ እያቸው" ያልሽው ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይቅር በይኝ እህቴ።

ፎቶዎቹን ለፕሮፌሰሯ እንዳልልክ፣ የኔትወርኩን ማማ መብረቅ መቶት ከተማው በሙሉ ተቋርጧል፤ የዩኒቨርሲቲውም መስመር እንደዚሁ። ገመቺስ "ጊንጪ ይሠራል አሉ፤ እኔ ልሂድልሽ" አለኝ። እምቢ አልኩት። ያላመንኩሽ እኔ፣ መንገዱም የእኔ ነው። በማግስቱ በሚኒባስ ጊንጪ ወረድኩና መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ትናንት ከፉአድ ጋር በእንግሊዝኛ የጻፍነውን መልሼ መላልሼ አነበብኩና ላክሁት። አንዱ ፎቶ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ባለ ሻይ ቤቷ ፊቴን አይታ፣ "እህቴ፣ መርዶ ነው እንዴ?" አለችኝ። "አይደለም" አልኳት፤ ከዚያ በላይ ለማስረዳት አቃተኝ። ተነስታ ሁለተኛ ሻይ አመጣችልኝ።

ነሐሴ አሥራ አራት ኔትወርኩ ሲመለስ የፕሮፌሰሯ መልስ ቆይቶኝ ነበር። ፎቶዎቹን ለሦስት ሰዎች ለየብቻ አሳይታ ሦስቱም አንዲት ናት ብለዋል። ከማቀዝቀዣ የቀረውን ቆዳ አውጥታ በሌላ ሰው እጅ እንደገና አስነብባዋለች፤ እንደ ፊተኛው ሆኖ ወጣ። "ቸኩያለሁ" ትላለች። "ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪያት ግን ደስ ይለኛል።" ወደ ብልቃጥሽ ትመለሻለሽ። ደግሞም አንዲቷ ያን ሁሉ በረዶ ተሻግራ ከሄደች አይገናኙም የተባሉት ይገናኛሉ፣ ደማቸውም ይቀላቀል ይሆናል ብላ ጽፋለች። ይህን ካንቺ ጋር ልታጠናው ትፈልጋለች።

አንድ ነገር ግን ልቤን አስከፍቶታል። አርባ የነበሩት ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። ያንቺን ስም ሳጠራ አንዲት ዓሣ ነባሪ ከዓለም የቀነስኩ መስሎኝ ሁለት ቀን ተከዝኩ። ኋላ ፎቶዋን መልሼ ሳይ ሠላሳ አንደኛው ላይ ከጎኗ የተለጠፈ፣ ግማሹ በውሃ የተሸፈነ ግልገል አገኘሁ። ቆዳ አልተወሰደበትም፣ ቁጥርም የለውም። እኔ አርባኛ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ሳይንስ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ተይኝ።

ሃርሜ እንዳትጨነቅ ብለን ሁሉን ነገር ደብቀናት አልነበር? መልሱ የመጣ ዕለት ላበስራት አጠገቧ ስቀመጥ፣ "የብልቃጡን ነው?" አለችኝ። በሰኔ ስትደውዪ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ድምፁ ክፍት ነው። ሁሉንም ሰምታለች። የፍልሰታን ጾም ዘንድሮ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመችው ለዚህ ኖሯል። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "እኔን ከክፉ ወሬ መጠበቃችሁ ደስ ብሏችኋል፤ ምን ላድርግ" አለችኝ።

ገመቺስ ሰላም ብሎሻል፤ ላፕቶፑ ስለተመለሰለትም አመስግኗል። ሮሆቦት ባሕሩ ውስጥ አስፋልት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። አጎታችን ኦቦ ቱፋ ከሸነን መጥተው ነበር፤ ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፤ ልጃችን እንስሳ አታርድም፣ ትቆጥራለች እንጂ እያሉ ለሰው ያወራሉ። ፉአድም እንዳትረሺኝ በይልኝ ብሏል። የመርከብ ባልደረቦችሽን ሁሉ በእኔ ስም ሰላም በያቸው።

ሃርሜ በራሴ ቃል ጻፊልኝ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ከመርከብ ስትወርጂ መጀመሪያ ብዪ። ከዚያ ደውዪ። ስትደውዪ ግን ደብሪቱን አይደለም፣ እኔን ጥሪ። እኔ ያን ቀንም አምኜሽ ነበር።"

እህትሽ ደብሪቱ ጉዩ
አምቦ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.