የተዘለለችው መንገድ

አትላንታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምህረት፤

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? የሚኒያፖሊስ ብርድ ጀመረ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «እማ፣ እውነትሽን ነው፤ አባዬ ዛሬም ውሸታም ነው። ሰርፕራይዝ ላደርገው መጥቼ፣ የሰጠኝ አድራሻ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ድራይቭ አድርጌ ወደ ኤርፖርት ተመለስኩ» ብለሻል። ይህን ቃል ከአፍሽ ስምንት ዓመት ስጠብቀው ነበር። ሳነበው ግን ደስ አላለኝም።

ስሚኝ። ማሪዬታ ላይ አባትሽን ስትፈልጊ የዞርሽበትን የአዲሱን መንደር የአቅጣጫ ምልክቶች የነደፍኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ያየሽው ትልቁ ሰሌዳ፣ በየመታጠፊያው ያለው ቀስት፣ ሁሉም የእጄ ሥራ ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሳምንት አባትሽ ከነአዲሷ ሚስቱ እዚያው ቤት መግዛቱን ሰማሁ። ጥሎኝ የሄደው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ፊት «ጠባይዋ አላስኖር አለኝ» ብሎ ያዋረደኝ ወንዳፍራሽ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የእሱን መንገድ ከሰሌዳው አወጣኋት፤ መታጠፊያው ላይም ቀስት ነፈግኳት።

አለቃዬ ኤልያብ «አፀደ፣ ይቺን ስትሪት ለምን ስኪፕ አደረግሻት?» ሲለኝ፣ «አራት ቤት ብቻ ናት፤ ሰሌዳውን ታጨናንቃለች» አልኩት። አፕሩቭ አደረገው።

አባትሽ ቤቱን ሲያስመርቅ እንግዶቹ መንገዱ ጠፍቷቸው የመንደሩን ኩሬ ሲዞሩ ምግቡ ቀዘቀዘ አሉ። ተጋብዛ የነበረችው ቲጂ ስትነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን አንድም እሁድ ከቅዳሴ አልቀረሁም።

አንቺ በዚያ በር ትገቢያለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የስልክሽ ካርታ አዲሶቹን መንገዶች ገና አያውቃቸውም፤ በሩ ላይ አድርሶሽ ዝም ብሏል። ከዚያ ወዲያ መንገድ ማሳየት የእኔ ፋንታ ነበር። በቀሌ እሱን ስቶ አንቺን አገኘሽ፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

አባትሽ ውሸታም ነው፤ ከዚህ ቃሌ ንቅንቅ አልልም። አድራሻው ግን እውነተኛ ነው። ከበሩ ገብተሽ በሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ግራ፣ ኩሬውን አልፈሽ የመጨረሻው ቤት። ማክሰኞ ቀስቱን ራሴ ቆሜ አስተክላለሁ። ይቅር ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ በዚያ ሲያልፍ ቢያየኝ ሰላም አልለውም።

እመቤቴ በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። ተመልሰሽ ስትሄጂ፣ በሩን ሲከፍትልሽ ምን ያህል እንዳለቀሰ ግን አትጻፊልኝ።

እናትሽ አፀደ