ተከራዬን ተከራይ ብዬ በማስመዝገቤ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሰፈራችን ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከረሙ? ይህ ጭጋጋም ነሐሴ ጉንፋን ሳያስይዝዎ፣ የቢሮዎም ወንበር ወገብዎን ሳያሳምምዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና እስከ ሐሙስ ድረስ ደኅና ነኝ።

ስሜ ጀማነሽ ይባላል። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲሄዱ ቁልቁል በምትታጠፈው ቅያስ ውስጥ፣ በቀበሌ ቤት የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ሥነ ዜጋ ሳስተምር፣ ግብር መክፈል የዜጋ ክብር ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሴት በመሆኔ፣ ለደረሰብኝ ሁሉ ተጠያቂዋ ራስሽ ነሽ ቢሉኝ አልከራከርም። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጡረታዬ ለስኳር መድኃኒቴ እንኳ አልበቃ ሲል፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ጎማ ለሚለጥፈው ለሙሐሲንና ለባለቤቱ ለሂባ አንዷን ክፍሌን አከራየሁ። የቀበሌ ቤት ማከራየት ክልክል መሆኑን አላጣሁትም። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ወግ ሙሐሲን የእህቴ ልጅ ሆነ። በእኛ ሰፈር ተከራይ የሚባል ፍጡር የለም፤ ያለው የእህት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ቢበዛ ለሕክምና የመጣ የአገር ቤት ዘመድ ነው። እኔ የመንዝ፣ እሱ የስልጤ፤ እንዴት ተዛመዳችሁ ብሎ የጠየቀ ሹም ግን አንድም ቀን አልገጠመኝም።

የመሥሪያ ቤትዎ መኪና በድምፅ ማጉያ፣ ማንኛውም ገቢ ያለው ሰው ገቢውን ያሳውቅ፣ ያሳወቀ አይጎዳም እያለ በሰፈራችን ሲዞር ግን የመምህርነት ልቤ አላስችል አለው። ሐምሌ ላይ ቢሮዎ መጥቼ ተሰለፍኩ፤ ተከራዬን ተከራይ ብዬ አስመዘገብኩ፤ ግብሬንም ከፈልኩ። ሠራተኛዎ እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን ብላ መረቀችኝ። ከምርቃቱ ወዲህ የተዋለልኝን ውለታ በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የውኃ ቆጣሪዬ እንዲጠገን ያቀረብኩት ማመልከቻ የገባበት ሳይታወቅ፣ የኪራይ ገቢዬ ወሬ ግን ቤት ወደሚያስተዳድረው ክፍል ሳይውል ሳያድር ደረሰ። መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተናበው አይሠሩም የሚሉ ሐሜተኞች ይፈሩ። ቤቱን ለሌላ ሰው ስላከራየሁ ውሌ እንደተቋረጠ፣ ዕቃዬን አውጥቼ እስከ ሐሙስ ቁልፉን እንዳስረክብ የሚያዝዝ ደብዳቤ በሬ ላይ ተለጥፎልኛል።

2ኛ. ስለ ትምህርትዎ። ግብሩን ከተቀበላችሁኝ ቤቱን እንዴት ትነጥቁኛላችሁ ብዬ ቢሮዎ መጥቼ ባለቅስ፣ ግብር መክፈል ሕገ ወጡን ገቢ ሕጋዊ እንደማያደርገው፣ ሳላሳውቅ ብቀር ደግሞ ገቢ በመደበቅ እቀጣ እንደነበር በትዕግሥት አስረዱኝ። ብናገር ቤቴን፣ ዝም ብል ቅጣቱን ማለት ነው። እንግዲያው የከፈልኩት ይመለስልኝ ብል፣ የተከፈለ ግብር አይመለስም ተባልኩ። ገንዘቡ ንጹሕ፣ እኔ ጥፋተኛ ሆንን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ሳላስተምር ጡረታ መውጣቴ ዛሬ ይቆጨኛል።

3ኛ. ስለ ሰፈሩ ፍቅር። ከእኔ ወዲህ ቅያሱ ሁሉ ዝምድናውን አጥብቋል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቻለች እትዬ የሚሏትን ተከራዮቿን አክስቴ በሉኝ እያለች በማለማመድ ላይ ናት። የሚቀጥለው ሐምሌ ከእኛ ቅያስ አንድም አከራይ ቢሮዎ እንደማይመጣ ስገልጽልዎ በታላቅ ኀዘን ነው።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ አለቀብኝ። ሂባ ወሯ ገብቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው እትዬ፣ ዛሬውኑ እንውጣ ብላ በዚያ ሆዷ ዕቃዋን ስትጠቀልል ለምኜ አስቀረኋት፤ እነሱ ቢወጡም ውሌ አይመለስማ። ልጅ የለኝም። ካዛንቺስ የነበሩት ዘመዶቼ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ዳር ተበትነዋል፤ እነሱም ራሳቸው ተጣበው ነው የሚኖሩት። መድኃኒቴ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ቤት ይፈልጋል። ፈርቻለሁ። ሌሊት ተነስቼ በሩ መቆለፉን አያለሁ፤ ማን እንዳይገባብኝ እንደሆነ እንጃ። የሚቻልዎ ከሆነ፣ ይህች ሴት ማንም ሳይጠይቃት ራሷ መጥታ የተናገረች ናት የምትል አንዲት መስመር ቤት ለሚያስተዳድረው ለዚያ ክፍል ይጻፉልኝ። ሌላ አልለምንዎትም።

የእርስዎን ጤና፣ ዕድሜና ሹመት አጥብቄ እየተመኘሁ፣ በሕግ አክባሪነቴ የምታወቀውና በዚሁ የተቀጣሁት፣
ትሑት ግብር ከፋይዎ
ጀማነሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከቢሮዎ ተደወለልኝ። ተሰማልኝ ብዬ ፈጥኜ አነሳሁት። ለካስ ገቢያቸውን በፈቃዳቸው ካሳወቁ ምስጉን ግብር ከፋዮች አንዷ ሆኜ ተመርጬ ኖሯል፤ ልጅቷም የምስክር ወረቀቱ በመስከረም እንዲላክልኝ የቤት ቁጥሬን ጠየቀችኝ። እባክዎ ወረቀቱ በላስቲክ የተለበጠ ይሁን፤ የምሰቅልበት ግድግዳ ስለማይኖረኝ ዝናብ ይመታዋል።