እኔም ራጅ ተነሣሁ

ሙልዬ፣ የልጄ አባት፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ አይመጣም። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዘንዘልማ ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት፤ ፊት ለፊታችን የነበረው የጤፍ ማሳ ላይ ግን ፎቅ ተጀምሯል። ጽዮን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ አንተን ሆነ፤ ስትቆጣማ ቁርጥ አንተን ናት።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ከነሐሴ ጀምሮ እኔም ያስለኛል።

ገና እንደተጋባን ሁለታችንንም ቲቢ ይዞን ነበር። ጠዋት ጠዋት ተያይዘን ለመድኃኒት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ጎረቤቱ ፍቅራቸው ነው ይል ነበር። ዳንን፤ ተረሳ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐይቁን ተሻግረን ቁንዝላ እናትህን ጠይቀን ስንመለስ ጀልባው ላይ ሳልህና በነጠላዬ አፍህን ብትይዝ ደም ሆነ። ቲቢው ተመለሰ ተባለ። አክታህ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም፤ ራጁ የድሮውን ጠባሳ ስላሳየ ግን ያንኑ መድኃኒት ደገሙልህ። ዋጥህ፣ ከሳህ፣ ደሙም አልቆመ።

ሲቲ ስካን የተነሣህ ዕለት ሐኪሟ ምስሉን ለሁለታችንም አሳየችን። ቲቢው ሳንባህ ላይ ጥሎት በሄደው ቀዳዳ ውስጥ፣ ጎጆ ውስጥ እንዳለ እንቁላል፣ ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። በደረትህ አስተኝተው ባነሡህ ጊዜ ደግሞ ድቡልቡሉ ቦታውን ቀይሯል። ይሄ ቲቢ አይደለም፣ ፈንገስ ነው አለችን፤ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ ያለ። አንተ ዳቦ ሆኜ አረፍሁት ብለህ ሳቅህ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች። አዲስ አበባ ሄደህ ቀዶ ጥገና እንዲደረግልህ ተወሰነ። ልብስህን አጥቤ ሻንጣህን አዘጋጀሁ። ደሙ ቀደመን።

ታዲያ ሳሉ ሲጀምረኝ ደበቅሁት። ለጽዮን ብርድ ነው ብላት፣ አባዬም ብርድ ነው ይል ነበር ብላ አለቀሰችብኝ፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ወዲያው ወደ ሲቲ ስካኑ ላኩኝ። ተጋድሜ ትንፋሽሽን ያዢ ስባል፣ አንተም እዚሁ እንደተጋደምህ ትዝ ብሎኝ ልቀቂ ቢሉኝም አልሰማሁ።

የኔም ሳንባ ላይ የድሮ ቀዳዳ አለ። ግድግዳው ወፍሯል፤ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። የደም ምርመራው ፈንገሱ መግባቱን ስላሳየ የሚዋጥ መድኃኒት ጀመርሁ። ከጥምቀት በኋላ እንደገና እነሣለሁ። ያቺው ሐኪም፣ በጊዜ መጥተሻል አለችኝ። ምነው ይችን ቃል ላንተ ባለችህ እያልሁ ቤት ደረስሁ። መድኃኒቱ ይስማማኝ አይስማማኝ ገና አላውቅም። እፈራለሁ ሙልዬ። ለራሴ አይደለም፤ ጽዮን ሁለታችንንም እንዳታጣ ነው።

ስወጣ ነርሷ፣ ከቤተሰብሽ ይህ ሕመም ያለበት አለ ወይ አለችኝ። አለ፣ ባሌ አልኋት። ታዲያ እሱስ አሁን ክትትል ላይ ነው ወይ ብትለኝ፣ ጽዮን ናት ነገሩን ያስረዳቻት።

ይቅር ትበለኝ፣ ልዋሻት ብዬ አይደለም። ነበረ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ትንፋሼ እስካለች ድረስም አልልህም።

ያንተው እናኑ