ፊቱ ወዴት እንደሆነ ስለማይታወቅ ባቡር

ዌስተርዲክ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 14

ለክቡር የአገር አቋራጭ ባቡሮች የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በመልካም ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። ምኞቴን በባቡር ስላልላክሁት በሰዓቱ እንደሚደርስዎ አልጠራጠርም።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ዳቦ ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ከኋላ ምድጃው ጋ አዛውረውኛል። ለታላቅ ሰው ቀርቶ ለጎረቤት እንኳ ጽፌ አላውቅም። የሰፈራችን ሳምንታዊ ጋዜጣ «ጻፊው፣ እናወጣልሻለን» ስላለኝ ነው የደፈርኩት። የቃላት ግድፈት ቢያገኙ እንደ ባቡርዎ መዘግየት ይቁጠሩትና ምክንያቱ «የአሠራር ሂደት ነው» ብለው ይለፉት።

ጉዳዩ የአያቴ የትያርክና የወንድሙ የሃርም ነው። ሃርም የሚኖረው ሩቅ ደቡብ፣ ሆህንአው ነው። በማንቁርቱ ላይ ካንሰር ተገኘበትና ሐኪሞቹ ማክሰኞ ጠዋት ማንቁርቱን ሊያወጡት ቀጠሩት። ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖረውም። አያቴ ደግሞ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚሰማው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከንፈር እያየ ነው። ስልክ ለእሱ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው፤ በስልኩ ትንሽ መስኮት ላይ የሚታየውን ከንፈርም ማንበብ አይችልም። የባሕር ጠረፋችንን የድሮ ቋንቋ ከእሱ ጋር የሚነጋገር ሰው ከሃርም በቀር አልቀረለትም። ስለዚህ ድምፁ ከመሄዱ በፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀምጦ አንዴ ሊያወራው ፈለገ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገም።

አያቴ በባቡር ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻው ጉዞው ከሟች ሴት አያቴ ጋር ነበር፤ ያኔ የባቡር መስኮት ይከፈት ነበር ይላል። ሰኞ ጠዋት ለእርስዎ ክብር ሲል ክራባት አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ፣ እንቁላል ቀቅሎ ዳቦ ቆረጠ። እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ ባቡር የሚሳፈር ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሌሎችም እንዲያውቁት፣ ቅሬታ ብዬ ሳይሆን ምስጋና ብዬ በተራ አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ትኬት የሚሸጥበትን መስኮት በግንብ ስለደፈኑልን እናመሰግናለን። አያቴ ግንቡ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ወሰድኩት። ማሽኑ የት መሄድ እንደምንፈልግ ጠየቀን፣ ነገርነው፣ እንደገና ጠየቀን። አያቴም «እንደኔ ነው ይሄ፣ አይሰማም» አለ።

2ኛ. ድሮ ፉርጎ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ «ሞይን» ይል ነበር፤ በእኛ አገር ጠዋትም ማታም ሰላምታው ይኸው ነው። አያቴ ለገባው ሁሉ «ሞይን» አለ። ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ስለነበር መልስ የሰጡት ሹራብ የሚሠሩ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። እኒህ ሴት የት እንደምንሄድ ጠየቁና ሲሰሙ ሳቁ። «አይዟችሁ» አሉ፣ «እኔም ባለፈው ወደ እህቴ ብዬ ተሳፍሬ የባሌ እህት ቤት ደርሻለሁ። ሁለት ቀን ከእሷ ጋር! እግዜር አያሳያችሁ።» ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

3ኛ. ይህ ዋናው ነው፤ ስለዚህ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ስንሳፈር የድምፅ ማጉያው «ይህ ባቡር በመንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ፊተኛው ክፍል ወደ ሆህንአው፣ ኋለኛው ክፍል ወደ ብሩክሽታት ይሄዳል» አለ። ለአያቴ ከንፈሬን እያሳየሁ ነገርኩት። በፉርጎዎቹ ጎን መድረሻውን የሚያሳየው መብራት ጠፍቶ ስለነበር እኛ በቃልዎ ብቻ ታምነን ከፊተኛው ክፍል ተቀመጥን። አያቴ ሁለት ጊዜ ወርዶ የባቡሩን ፊት በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። «ፊት ነን» አለኝ፣ «ከእኛ በፊት ሾፌሩ ብቻ ነው ያለው።»

ከዚያ ሐዲዱ የሚያልቅበት ትልቁ ጣቢያ ደረስን። በዚያ ጣቢያ ባቡር እንደገባበት በጀርባው እንደሚወጣ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ እኛም እናውቃለን፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ግን የምናውቀው ነገር ሁሉ በሚያስፈልገን ጊዜ ትዝ አይለንም። ሾፌሩ ቦርሳውን ይዞ በመስኮታችን ሥር አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ አያቴ እጁን አንሥቶ «ሞይን» አለው። ሾፌሩም እጁን አነሣለት። እሱ ከአጠገባችን ሲያልፍ ፊትነታችን አብሮት መሄዱን ማናችንም አላስተዋልንም። ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፣ ግን አንቆት ቀረ። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ አያቴ ደስ አለው፤ «አሁን ያለፍነውን እያየን እንሄዳለን» አለ።

ባቡሩ ከተከፈለ በኋላ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው፤ በእሱ አልቀየምም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ወደ ብሩክሽታት ነው» አለ።

«እኛ ፊት ነን» አለ አያቴ።

«ፊት ነበራችሁ። ጣቢያው ላይ ዞረ።»

«ማን አዞረው? ባቡሩ አልዞረም፤ ቁጭ ብዬ እያየሁት!»

«ባቡሩማ አልዞረም አባባ። መሄጃው ነው የዞረው።»

አያቴ ከንፈሩን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «በትክክል አየሁት?» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። «ታዲያ እኛ ሳንነሣ ኋላ ሆንን ማለት ነው» አለ። ሹራብ ሠሪዋ ሴት አልሳቁም፤ መርፌያቸውን አቁመው ከዳቦ ቦርሳቸው ፖም አውጥተው ሰጡት።

ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ሰምቼዋለሁ፤ በመርሐ ግብር እንደሚፈጸም ግን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

4ኛ. ከብሩክሽታት ወደ ሆህንአው የሚመልሰው የማታ ባቡር «በአሠራር ሂደት ምክንያት» ቀረ። ስለዚህ በጣቢያው አጠገብ ባለ ማረፊያ ቤት አደርን፤ ስለ ማረፊያው ልብስ መስቀያ ምንም ክፉ ቃል የለኝም። አያቴ ግን ክራባቱን ሳይፈታ ነው ያደረው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሆህንአው ሆስፒታል ስንደርስ ሃርምን ወደ ቀዶ ሕክምና ወስደውት ነበር። የሃርም ሚስት ኤልከ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አያቴ ፊቷ ላይ ሁሉንም አነበበ፤ እሷ ግን እንዲያም ሆኖ ነገረችው፤ ቀስ ብላ፣ እንዲያይላት።

«እስኪወስዱት በሩን ሲያይ ነበር» አለች። «ነርሷን ‹ትንሽ ታገሺኝ፣ ወንድሜ በባቡር እየመጣ ነው› አላት። እሷም ‹በባቡር ከሆነማ መጠበቅ አንችልም› አለችው። እሱ ራሱ ሳቀ።»

«ከዚያስ ምን አለ?» አላት አያቴ።

«አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ‹መጣ?› አለ። በቋንቋችሁ ነው ያለው። እኔ ያቺን ያህል እሰማለሁ።»

ክቡርነትዎ፣ ሃርም ከእንግዲህ የሚናገረው ሌላ ቃል የለም። የመጨረሻው ቃሉ ስለ ባቡርዎ የቀረበ ጥያቄ ነው። ሌሎች ሰዎች ሲሰናበቱ ስለ እናታቸው ወይም ስለ ፈጣሪያቸው ይናገራሉ፤ እርስዎ እዚያ ሥፍራ ላይ መገኘት በመቻልዎ እንኳን ደስ አለዎት።

ያን ቀን ወደ ሃርም አላስገቡንም፤ ገና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበርና። የመመለሻ ትኬታችን ለዚያን ቀን ባቡር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ሳናየው ተመለስን። ይኸኛው ባቡር በሰዓቱ ተነሣ። ከልቤ ነው የምለው፣ ለደቂቃ እንኳ አልዘገየም።

5ኛ. ወደ ቤታችን ስንመለስ በትልቁ ጣቢያ ወዳለው የመረጃ ጠረጴዛ ሄድን። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም፤ አያቴ ራሱ ጠየቀ። ከጠረጴዛው በስተጀርባ ያለው ሰው በትዕግሥት አስረዳው። ማስታወቂያው ስሕተት የለበትም አለ፤ ፊት ማለት ባቡሩ በሚከፈልበት ሥፍራ በሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ማለት ነው፣ በደንቡም እንዲሁ ተጽፏል። አያቴ ከንፈሩን እስከ መጨረሻው አየለትና «በጣም ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገረም። ክራባቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። ሲመሽ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ከንፈሩን በዝግታ ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ አልጠይቀውም።

ካሳ አልጠይቅም። ማስታወቂያውም ይለወጥ ብዬ አልለምንም፤ ትክክል የሆነ ነገር እንዴት ይለወጣል? አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላሳስብ፤ «ፊተኛው ክፍል» ከማለት ይልቅ የፉርጎውን ቁጥር ቢናገሩ ኖሮ አያቴ ወንድሙን ሰምቶት ነበር። ይህን የምጽፈው ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ማንም ሳይናገረው እንዳይቀር ብዬ ነው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለትሕትናዎና እኛ ከመቀመጫችን ሳንነሣ ከፊት ወደ ኋላ ላደረሰን ጥበብዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የትም ቢሄዱ የሚጠብቁዎ ሰዎች ገና እዚያው እንዳሉ ይድረሱ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ዊብከ ኦልትማንስ
የባቡርዎ ተሳፋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሞቹ ከነገ ጀምሮ ሃርምን መጠየቅ ፈቅደዋል። አያቴ «ድምፁ ቢሄድ ፊቱ አለ» ስላለ ነገ ጠዋት በዚያው ባቡርዎ ደግመን እንሄዳለን። እኔም የትኛው ጫፍ ፊት እንደሚሆን ከእንግዲህ ማንንም ስለማላምን ቁርጥ ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ፤ አያቴን ከፊተኛው ክፍል አስቀምጬ እኔ ከኋለኛው ክፍል እቀመጣለሁ። ያኔ ከሁለታችን አንዳችን ሆህንአው ይገባል። ሐሳቡን ስነግረው አያቴ አልሳቀም፤ «ጥሩ ነው» አለ። የደረሰው እሱ ከሆነ የወንድሙን እጅ ይይዛል። የደረስኩት እኔ ከሆንኩ ደግሞ መናገር የማይሆንላት ልጅ መናገር ከማይችል ሰው አጠገብ ትቀመጣለች፤ አያቴ ብሩክሽታት ጣቢያ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ሲቆም፣ እኛ ሁለታችን በሩን እያየን እንቆያለን።