የሱፐርቻርጀሬን ሶኬት ለሚፈልጉት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለምሥራቅ በር የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ክቡር ሥራ አስኪያጅ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ሙቀት የቢሮዎ ኤሲ ለአፍታ እንዳይቆም፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ «ነገ ተመለስ» እያለ የሚደክመው ምላስዎም እንዳይዝል ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትንሽ ያቅለሸልሸኛል፤ ግን በመሥሪያ ቤትዎ በር ባለፍኩ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩበትም።

ባለጉዳይ ስለሚበዛብዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። አቤሴሎም ወልደገብርኤል እባላለሁ፤ እዚሁ ሰመራ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በግቢዎ የቆመችው ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና የአባቴ ናት። አባቴ አዋሽ ጣቢያ ባቡር ሲነዳ ያረጀ፣ አሁን ከእኔ ጋር የሚኖር ሰው ነው፤ መኪናዋን የሰጠው አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። ቆንጆ ናት፤ ጉልበት ግን አልፈጠረባትም። ወደ ጂቡቲ የሚመላለሱት ተሳቢዎች ከፊቷ ሲደረደሩ ጭሳቸውን እየማገች ከኋላ ከማዝገም በቀር ምርጫ አልነበራትም። ይህ አባቴን ያንገበግበው ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ሀዲድ ላይ ኖሬ ማንንም ቀድሜ አላውቅም፤ ባቡር ባቡርን አይቀድም። አንድ ቀን ተሳቢ ቀድመን፣ ወደ ኋላ ሲቀር በዓይኔ ልየው» ይለኝ ነበር። ዓይኑ ደግሞ በግፊት ተይዟል፤ የቀረችው ብርሃን ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል።

እናም ሙሐመድሰዒድ የሚባል የአዋሽ መካኒክ ሱፐርቻርጀር እንግጠምላት አለን። ሱፐርቻርጀር ማለት፣ ክቡርነትዎ ቢፈቅዱልኝ፣ ሞተሩ በቺንጋ እያሽከረከረው አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ፓምፕ ነው፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በደንብ ይነድዳል፣ ጉልበት ይመጣል። ዕቃው ከጂቡቲ ሲገባ ገላፊ ላይ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛ አገላብጦ አየውና «አየር የሚነፋ ነው አይደል?» ብሎ አሳለፈው። ሙሐመድሰዒድ እዚህ ድረስ መጥቶ ቢስሚላህ ብሎ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሣ ቀጭን ፉጨት አወጣ፤ አባቴ ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ «ይቺማ ባቡር ሆነች» አለ። አሁኑኑ እንውጣ ሲለኝ፣ መጀመሪያ ለውጡን እናስመዝግብ፣ ሕግ አለ አልኩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። በራሴ እግር መጣሁልዎ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ ጣቢያዎ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንደማይቀበል ተምሬአለሁና።

፩. መርማሪዎ አቶ ደግነት ኮፈኑን አስከፍተው ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ሱፐርቻርጀር ነው አልኳቸው። ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። «ቻርጀር ካለው ባትሪ አለው፤ ባትሪ ካለው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሱፐር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይሞላል» ብለው ሊብሬው ላይ የነዳጅ ዓይነት በሚለው ቦታ «ኤሌክትሪክ» አስጻፉበት። አይደለም ብዬ መከራከር የጀመርኩት ማርሚታዋ ጭስ እየተፋባቸው ነው። እሳቸው ግን ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ፣ ከዘመኑ ጋር በመራመዴ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። እርስዎም ሳያዩ ፈረሙበት። ለደስታ መግለጫው ከልብ አመሰግናለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ እንኳን ደስ ያለህ ተብዬ አላውቅም።

፪. በማግስቱ ቤንዚን ልቀዳ ሄድኩ። ነዳጅ አሁን በታርጋ ቁጥር በስልክ እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ቀጂዋ ከውሰር የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ስልኳን ደጋግማ ነካክታ «ቲቸር፣ ይቺማ ኤሌክትሪክ ናት እያለኝ ነው፤ ወላሂ እምቢ አለ፤ ለምን ቤት ወስደህ ቻርጅ አታደርጋትም?» አለችኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። በሰርባቶዮዋ የቀረችው ቤንዚን እስከ ጣቢያዎ በር አድርሳኝ አለቀች፤ መኪናዋም ቀጥ አለች። ከበሩ ወደ ውስጥ ገፍቼ አስገባኋት፤ ዘበኛዎ ስለገፋልኝ እሱንም አመሰግናለሁ፤ ከጣቢያው ሠራተኞች ሁሉ ሥራ ሲሠራ ያየሁት እሱን ነው።

፫. ስህተቱ ይታረምልኝ ብል፣ የተጻፈ ነገር ያለ ኮሚቴ አይሰረዝም፤ ኮሚቴው አይቶ እስኪወስን መኪናዋ እዚሁ ትቁም ተባልኩ። ቁልፉን አስረከብኩ። ኮሚቴው በስንት ልመና ተሰብስቦ የቻርጅ ሶኬት ፍለጋ ገባ። ከኋላ ፈለጉ፣ ከሥር ተንበርክከው አዩ፣ ወንበሩን አስነሡ። አንዲት የኮሚቴ አባል ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል ብትል፣ ሰብሳቢው ሽታ ማስረጃ አይሆንም ብለው አስቆሟት። ሶኬቱ ሲጠፋ ሶኬት የለም ብለው ይጽፋሉ ብዬ ነበር፤ የዋህ ነኝ። የጻፉት «ባለንብረቱ የቻርጅ መሰኪያውን ሆን ብሎ ደብቋል» ብለው ነው። ያልተፈጠረ ቀዳዳ ደብቆ የተከሰሰ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። የደበቅኩትን እስካቀርብ መኪናዋ እንደማትለቀቅም ተነገረኝ።

፬. ይህን አጭር አደርገዋለሁ። አባቴ በየጠዋቱ «ለቀቋት?» ይለኛል፤ ዛሬ ወይ ነገ እለዋለሁ፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የምለው። እኔ ከአቶ ደግነት ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው ወደ እርስዎ ስመላለስ፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ ሲሆኑ፣ አንድ ጠዋት አባቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ «መብራት ጠፋ እንዴ?» አለኝ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ፊቱ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔ ግን በማግስቱም ደጅዎ ላይ ነበርኩ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

፭. ባለፈው እሁድ ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን የሰርግ መኪኖች ጥሩንባ ከሎግያ በኩል መጣ። አባቴ ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ያቺን ቀጭን ፉጨት ለይቶ «አቤሴሎም፣ የእኛ መኪና ናት» አለኝ። አይደለችም ልለው አፌን ስከፍት ብቅ አለች። አበባ ተጥዶባታል፣ ሪባን ተጠምጥሞባታል። ሙሽራው በጎን ወንበሯ ላይ፣ ክቡርነትዎ ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርገው መሪዋ ላይ። ሙሽራው የእህትዎ ልጅ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ፤ ጋብቻቸው የአብርሃምና የሣራ ይሁን፤ ልጁ ምንም አላጠፋም።

አባቴ እጄን ያዘና «ማንን ቀደመች?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የሙሽራ መኪና ልማዱን ያውቃሉ፤ እሷ ከፊት በዝግታ ትሄዳለች፣ አጃቢው ሁሉ ከኋላ ነው። ከኋላዋ አውቶሞቢሉም፣ ሚኒባሱም፣ ጭፈራ የጫነ አንድ ተሳቢም ነበር። «ሁሉንም፤ ተሳቢውም ኋላ ቀርቷል» አልኩት። አልዋሸሁም። ሽማግሌው ጥርሱን ሳይከድን እስኪያልፉ ድረስ አዳመጠ። የአባቴን ምኞት የፈጸሙለት እርስዎ ነዎት፤ ዓይኑ እስኪጠፋ ጠብቀው ቢሆንም። የነዳትን ሰው አመስግንልኝ ስላለኝ ይኸው አመስግኛለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን አስጸይፎኛል። እርስዎንም፣ ፊርማዎንም፣ እዚያ መነጽር ሥር የነበረውን ፈገግታዎንም ተጸይፌአለሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። መኪናዋን ይልቀቁልኝ። አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ በአዋሽ መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ እቀድማለሁ፤ ማየት ባይችልም የተሳቢው ድምፅ ከጎኑ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲቀር ጆሮው ይነግረዋል። ጆሮው ገና ደህና ነው፤ እሱም እስኪደነቁር ኮሚቴ እንዳያቋቁሙብን አደራ።

ሥልጣንዎን ያሰንብትልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ ማንንም ሳይቀድም ያረጀ ሰው ልጅ፣ በደጅዎም በመጽናት የታወቅኩ ባለጉዳይዎ፣

አቤሴሎም ወልደገብርኤል
መምህር፣ ሰመራ

ማስታወሻ፦ ለዚያች ታርጋ ማደያ ቤንዚን አይሸጥም፤ ሶኬቷም እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ለሰርጉ የነዷት ከመንገድ ዳር በጀሪካን በተገዛ ቤንዚን መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ በገዛ በርዎ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ግድ የለም፣ አይስጉ፤ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ሰው ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሁን ነው።