ከሶር ቁልቁለት ሳትቆም ለወረድከው

ሁዘይፋ፣

ስትነቃ እንዳትፈልገኝ፤ ሆስፒታል እትዬ ሙላቷ ጋ ነኝ። ትናንት በሶር ቁልቁለት በሳይክልህ የገጨሃቸው ሴትዮ ስማቸው ይሄ ነው። አንተ ለመጠየቅ እንኳ አልቆምክም።

ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። ምስሩን አሙቀህ ብላው፣ እኔ አልነካሁትም።

የቀኝ እጃቸው ተሰብሯል። ለገበያ የያዙት ማር መንገዱ ላይ ፈሶ ቀረ። መኪና እስከሚገኝበት ድረስ አዝያቸው ወጣሁ። ማታ ቤት ስገባ አንተ ጫማህን እያጠብክ፣ "ማርሽም ሞላም በሌለው ሳይክል ያንን ሁሉ ድንጋይ እግሬን መሬት ሳላስነካ ጨረስኩት!" አልከኝ። የሴትዮዋን ነገር ስነግርህ ደግሞ፣ "ከመንገድ ዞር ማለት ነበረባቸው" ብለህ ተኛህ።

አስጠላኸኝ። እውነቴን ነው፣ ያንን ጫማ በሩ ላይ ላየው እንኳ አልፈልግም።

"ፍሬን የነካ ተሸነፈ" ብዬ ውድድሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አልረሳሁትም።

የኔን ሳይክል ከፈለግክ ውሰደው። ከእንግዲህ ካንተ ጋር የትም አልወርድም።

አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ። ትናንት ሳነሳቸው እትዬ ሙላቷ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እጃቸው አልነበረም። "ያ ፊት የነበረው ልጅ ታች ወድቆ እንዳይሆን፤ እኔን ተወኝና ሂድ እየው" ነው ያሉኝ። ሆስፒታል ከገባንም በኋላ ደግመው ጠየቁኝ።

እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ደህና መሆንህን ራስህ መጥተህ ንገራቸው።

ባጫ